በምሳ ዕቃ የተላኩ ስሞች

የሱማሊኛ ስም ለሌላ ሰው አይገባም ይባላል። ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉት አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ቁጭ ብለው ያልተማሩት ናቸው። ኒን ሰው ነው፤ ኒንካ ሰውዬው። ናግ ሴት ናት፤ ናግታ ሴትዮዋ። ለወንድ ስም መጨረሻው ላይ ካ፣ ለሴት ስም ታ ይቀጠላል፤ ካው አንዳንዴ ጋ ወይም ሃ፣ ታው ዳ ይሆናል። እኛስ ከዚህ የተለየ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቹ ስሞች ደግሞ ሲበዙ ፆታቸውን ይገለብጣሉ፤ እናት ሴት ናት፣ እናቶች ግን በሰዋስው ወንድ ናቸው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ሲሆኑ መለወጥ ሊገርመው አይገባም።

ይህን ያስተማረኝ ናዝሬት ጎረቤቴ የነበረው መምህር ጃማ ነው። ኋላ ሻሸመኔ አግብቶ ሄደ። ከሱማሌ ጦርነት በኋላ፣ በቋንቋው የጻፈው ሁሉ ምስጢር ነው ተብሎ እሱም ከነደብተሮቹ ታስሮ ተወሰደ። ባለቤቱ ዘይነባ በሾፌር የላከችብኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ስሞች አልቀውብኛል፤ ይዘውልኝ ይምጡ።»

ጠዋት፣ ከናዝሬት

የቀበሌው የይለፍ ወረቀቴ «የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ» ይላል። ከጃማ የተማርኳቸውን ስሞች የያዘውን ደብተሬን በፊደላችን ገልብጬዋለሁ፤ በላቲን የተጻፈ ሱማሊኛ ይዞ ኬላ ማለፍ አይታሰብም። አውቶቡሱ ከሞጆ ወደ ደቡብ ከታጠፈ በኋላ ማንም ከማንም ጋር አላወራም። ዝዋይ ላይ ሴቶች የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉን። የእኔን የጠቀለለው ጋዜጣ ላይ አንድ ሹም ይናገራል፤ ፊቱ ዘይት ጠጥቶ ከበስተጀርባው ያለው ጽሑፍ በዓይኖቹ በኩል ይነበብ ነበር። ዓሣውን ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል በላሁ።

እኩለ ቀን፣ ቡልቡላ

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ደብተሬን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የስሞች ዝርዝር ነው።»

«የማን ስም?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጣቱን እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። «ጉሪ... አልባብ... ቢዮ።» እዚህ ላይ ቆመ። «ቢዮ ውሃ ነው። እዚያ ግንባር ሳለን የተማርኩት እሱን ብቻ ነው። የቆሰሉት ሌሊቱን ሙሉ ይሉት ነበር። የነሱም፣ የእኛም።»

ደብተሩን ዘግቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «የታመመውን ዘመድ እግዜር ይማርልዎት» አለኝ። ከዚያ በኋላ አቢጃታ በስተቀኝ ታየን፤ ዳርቻው ነጭ፣ ውሃው ነጭ፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሻሸመኔ

ዘይነባ የወሎ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያው ጥግ ቅመም ትሸጣለች። ጃማ ሲያገባት ቋንቋውን ሊያስተምራት በየዕቃው ላይ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ለጥፎ ነበር። በሩ ላይ «አልባብ» ይላል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ «ራድዮ» የሚል ወረቀት አለ። ራድዮኑን ወስደውታል፤ ስሙን ትተውላታል።

በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ ስታደርስ ምሳ ዕቃው ክዳን ስር አንድ ስም ጽፋ ታስገባለች። ጠባቂዎቹ የወጡ ስም ይመስላቸዋል። ዕቃው ሲመለስ ስሙ ላይ መጨረሻው ተቀጥሎ ይመጣል፤ «ጉሪ» ስትል «ጉሪጋ»፣ ቤት ስትል ቤቱ። እዚያ በር ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ከተባለ ሰውዬው የለም ማለት ነው። እሷ ግን እስካሁን አልተባለችም።

የተመለሱትን ወረቀቶች ከቆርቆሮ አውጥታ ዘረገፈችልኝ። የፊተኞቹ የጃማ ናቸው፤ የተጣደፈ፣ የተጋደመ ጽሑፍ፣ ከመልሱ ስር ደግሞ ሁልጊዜ ለተማሪዋ አዲስ ጥያቄ። የኋለኞቹ ክብ ክብ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ የተሳለ፣ ያለ አንዲት ስህተት። ጥያቄም የለባቸውም። መምህር እንዲህ አይጽፍም። እንዲህ የሚጽፍ ጎበዝ ተማሪ ነው።

የፊተኞቹንና የኋለኞቹን ለየብቻ ደረደርኩ። አፌን ሳልከፍት ቀድማኝ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ያዩትን እኔ ሳላየው የቀረሁ መሰለዎት?» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክረምቱ ሳይገባ። ጃማ እዚያ ውስጥ ያስተማረው አንድ ሰው አለ፤ እሱ ነው የሚመልሰው። ወይ አዝኖልኝ ነው፣ ወይ ርቦት።»

«ታዲያ ለምን ትልኪያለሽ?»

«ሌላ ክፍል አዛውረውትስ እንደሆነ? ካቆምኩ እኔው ሞተ ማለቴ ነው።» ደብተሬን ወደ እኔ ገፋችው። «አሁን ግን ያን ሰው፣ መምህሩ አለ ወይ ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ። መምህር የሚለውን ይጻፉልኝ፤ የእኔ እጅ እንቢ አለኝ።»

«መዓሊን» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ፣ በሩ ላይ

ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሁሉም ሰው የያዘውን ዕቃ ደረቱ ላይ አቅፏል። ዕቃችን ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ምግቡ ተበልቷል፣ ዕቃው ታጥቧል። ዘይነባ ክዳኑን ከፈተች። ወረቀቱ ላይ የእኔ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ ካ አልተቀጠለም፣ ምንም አልተቀጠለም። ከቃሉ ጎን ግን ክብ የእርሳስ ነጥብ ነበረች፤ አንድ ሰው እርሳሱን አሳርፎ፣ ቆይቶ፣ ያነሳበት ቦታ።

አላለቀሰችም። «ነገ ሥጋ ወጥ እሠራለሁ» አለች። «ማንም ይሁን፣ ሊዋሸኝ አልፈለገም።»

ናዝሬት፣ ቤቴ

ደብተሩን ለሷ ትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ቡልቡላ ላይም የፈተሸኝ የለም። ቃል የሚማር ሰው ምን እየተማረ እንደሆነ አያውቅም፤ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይህን ነው። ጃማ በዚያ ክፍል ካና ታ ሲያስተምር፣ ለሚስቱ መርዶ የሚነግር ሰው እያዘጋጀ ነበር። የተማረው ሰው ግን እስካሁን አልነገራትም።

ይህን የምታነብ አንተ፣ ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጣህ ከሆነ፣ ስንቋን በልተሃልና ሻሸመኔ ሂድ። ገበያው ጥግ ቅመም የምትሸጠዋን ሴት ጠይቅ። ቃሉን ጨርስላት።