በሁለት ሳምንት የወጣ ወረቀት

ነጋዴ ሁሉ አንድ አመል አለው፤ የተጠራለትን ዋጋ ሳያስቀንስ ከወጣ ያመዋል። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ገብቼ ከነርሷ ጋር በወር ቁጥር ተከራክሬያለሁ።

ሠርጌ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። እጮኛዬ ዘመሮ ከተማ ታስተምራለች። ንስሐ አባታችን የሁለታችንንም የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ሳያዩ ጋብቻ አይባርኩም። እኔ ደግሞ በታኅሣሥ መጀመሪያ በግ ይዤ ደብረ ብርሃን ወርጄ ገበያው ቀናኝ። ገበያ የቀናው ሰው አእምሮውን ከበጎቹ ጋር አብሮ ይሸጣል። ከማላውቃት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም አደርኩ። በማግስቱ ቁርስ ቤት እንቁላል ሲቀርብልኝ ግን “ጾም ነው” ብዬ መለስኩ።

ሁለት ሳምንት ስጨነቅ ቆይቼ ተመረመርኩ። “ነጻ” የሚል ወረቀት ተጻፈልኝ። ኪሴ ከትቼ ልወጣ ስል ነርሷ፣ በዕድሜ እናቴን ያክላሉ፣ “ቁጭ በል። የጠረጠርከው ነገር ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?” አሉኝ።

“ሁለት ሳምንት።”

“እንግዲያው ይህ ወረቀት ስለዚያ ቀን ምንም አያውቅም። ቫይረሱ ገብቶ ቢሆን እንኳ በዚህ ምርመራ ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ወር ሲሞላ ተመለስ፤ እርግጠኛው የዚያን ጊዜው ነው።”

“ሲስተር፣ መጨረሻው ስንት ነው?”

“የምኑ?”

“የሦስት ወሩ። ስድስት ሳምንት ያድርጉልኝ፤ ሠርግ አለብኝ።”

ሳቁ። “በስድስት ሳምንት የብዙ ሰው ይታያል። አንተ ከብዙው መሆንህን ማን ነገረህ? በሦስት ቀን ውስጥ ብትመጣ መከላከያ መድኃኒት ነበር፤ እሱም አመለጠህ። በመሃል ሌላ ቦታ ካደርክ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?”

“በግ።”

“በግ ማርገዟን በእጅህ ዳስሰህ የምታውቀው መቼ ነው?”

“ሦስት ወር ገደማ ሲሆናት።”

“ከዚያ በፊት ዳስሰህ ‘ባዶ ናት’ ብለህ ትሸጣለህ?”

“እሸጣለሁ እንጂ። ገዢው ቆይቶ ግልገል ሲያገኝ ይመርቀኛል።”

“ያቺ የምታገባት ልጅ ግን አትመርቅህም” አሉና ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ነጻ ይላል። ንስሐ አባታችን ቀኑን አይተው “ይህ ሰው ታኅሣሥ መጀመሪያ የት ነበር?” አይሉም። በገበያ ዘመኔ ከዚህ የባሰ ዕቃ አሳልፌያለሁ። ቅዳሜ ዘመሮ ሄድኩ። ልሰጣት ነበር፤ አልደብቅም።

እሷ ቀደመችኝ። የራሷን ወረቀት ከደብተሯ መሃል አውጥታ፣ “እየው፤ አንተ ሳታየው ለቄሱ አልሰጥም” አለችኝ። አየሁት። ለካ እሷ የተመረመረችው ለእኔ ብላ ነው። የእኔን አወጣሁና፣ “ይሄ ገና አላለቀም” አልኳት። የደብረ ብርሃኑንም፣ ሲስተር ያሉኝንም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። መጀመሪያ ቀን ቆጠረች።

“የሚሞላው መጋቢት ላይ ነው። ጾም ነው። ሠርጉ ወደ ዳግም ትንሣኤ ይሄዳል።”

“ለአባትሽ ምን እንበል?”

“እንበል? አንተ ትላለህ እንጂ! እስከዚያ ቤታችን አትምጣ። እጄንም አትንካ።”

“በእጅ አይተላለፍም፤ ሲስተር ናቸው ያሉት።”

“ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አትንካ።”

አባቷን “አንድ የጤና ጉዳይ እስኪረጋገጥ ይቆይልኝ” አልኳቸው። ለጠላ ያወጡትን ገብስ ወደ ጎተራ መለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ወር ጠበቅኩ። ደብረ ብርሃን ስወርድ በጎቹን ሸጬ በዚያው ቀን መኪና እመለሳለሁ። ውጤቱ ደህና እንደሚሆን ልቤ ያውቅ ነበር፤ ልብ ግን ማኅተም የለውም።

መጋቢት ላይ ቀኑ ሲሞላ አብራኝ ጤና ጣቢያ መጣች። ጣቴ ተወጋ፤ ጠበቅን። ሲስተር በእኔ ፈቃድ ወረቀቱን ለእሷ ሰጧት። “ነጻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ከሌለ ይህ የመጨረሻው ነው።” እጮኛዬ ከውጤቱ በፊት ቀኑን አነበበች፤ በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“እንግዲህ ጨረስን” አልኩ በኩራት።

“እሱን ጨረስን። አሁን ሽማግሌ ትልካለህ።”

“ልኬ ነበር እኮ! እሺ ተብያለሁ!”

“ያ እሺ ለፊተኛው ሰውዬ ነው።”

ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። “የተሰጠችህን ልጅ ነው እንደገና የምንለምንልህ?” እያሉ ስቀውብኝ ሄዱ። ሲመለሱ አልሳቁም፤ አባቷ እንደ ወጉ “ልጅቷን ልጠይቃት” ብለው ለሳምንት ቀጥረዋቸዋል። በሳምንቱ እኔም ተከትያቸው ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ውስጥ ምን እንደሚባል አይሰማም። ብዙ ቆይቶ በሩ ሲከፈት ብቅ ያለችው እሷ ናት።

“ምን ይገትርሃል? ግባ፣ ብርድ ነው” አለችኝ።