የሚዶሪ ጉልበት

እናቴ ከቢስቲማ ኮምቦልቻ ድረስ የመጣችው ኳስ ልታስተወኝ ነበር። ጭንቅ ሲለኝ የፋብሪካችንን የሴቶች ቡድን የምታሠለጥነውን ሚዶሪን ቤት ጠራኋት። ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን የተጫወተች ሴት ስለሆነች እናቴን ታሳምንልኛለች ብዬ ነው።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ "ኳሱን ምን ብለሽ ተውሽው?" አለቻት።

ሚዶሪ መዋሸት አታውቅበትም። ሱሪዋን ሰብስባ ጉልበቷ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ አሳየቻት። "ጅማት ተበጠሰ። ዳነ፤ ደግሞ ተበጠሰ።"

አለቀልኝ! እናቴ "ያ አላህ!" እያለች ጠባሳውን ስትዳብስ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

"ታዲያ አልቆጨሽም?"

"ጉልበት ነገ ቢድን፣ እኔ ነገ ሜዳ" አለች ሚዶሪ እየሳቀች።

እናቴ ቅቤ አመጣችና፣ "አብሽሪ ልጄ" ብላ ጉልበቷን ታሽላት ጀመር። ስለ እኔ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

እሑድ ልምምድ ላይ ሚዶሪ አብራን ልትጫወት ገባች። እናቴም ሜዳው ዳር ተቀመጠች። ሚዶሪን ኳስ ልነጥቃት ስል ጠልፌ ጣልኳት።

እናቴ እየሮጠች ሜዳ ገባች። ሚዶሪን ልታነሳ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ወደ እኔ መጣች።

"ወላሂ፣ ኳስ የፈቀድኩልሽ ሰው ልትሰብሪበት ነው?"