ሲጋራው ያልሠራው ጥፋት
የጭንቅላት ምስል የምታነበው ሐኪም የማትለውጠው አመል አላት፤ የበሽተኛውን ታሪክ ከመስማቷ በፊት ምስሉን ታያለች። አስቀድሞ ወሬ የሰማ ዓይን የሰማውን እንጂ ያለውን አያይም ብላ ታምናለች። የነርቭ ሐኪሙ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት እጇን አንሥታ ታስቆመዋለች። መጀመሪያ ላይ ትዕቢተኛ ይሏት ነበር፤ ኋላ ልክ መሆኗን ሲያዩ ለመዱት። እሷም ልክ መሆኗን ታውቃለች፤ ይህን ለመደበቅም ብዙ አትደክም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲቲ ስካን ላይ የተኛው ግን ታላቅ ወንድሟ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው የሚወጣው። መቀስ እንደያዘ ቀኝ እጁ ዛለ፤ አፉም ተያዘ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ "እህቴ፣ አንድ ቃል እንኳ እምቢ አለው፤ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል" አለቻት።

የእሱን ታሪክ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ስለ ሲጋራው ስንት ዘመን ተጨቃጭቀዋል። "ይሄ ነገር የደም ሥርህን ይዘጋዋል" ትለዋለች፤ እሱ በቀልድ ያመልጣታል።

የነርቭ ሐኪሙም ያንኑ አሰበ። "አጫሽ ነው፤ ሥሩ ደድሮና ጠብቦ ነው የተዘጋው። በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ለጥጠን የብረት ድጋፍ እናስገባለታለን" አላት።

ለወንድሟ "አላልኩህም?" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሲጋራው ጥፋተኛ እንዲሆንላት ፈልጋለች፤ ይህን ስታውቅ አፈረች። ከዚያ ቅድም ያየችውን ምስል የማታውቀው ሰው ጭንቅላት ነው ብላ ከላይ ጀምራ እንደገና አየችው።

የተዘጋው ሥር እየጠበበ አልሄደም፤ ደህና መጥቶ በድንገት ቁርጥ ይላል። የሌሎቹም ሥሮች ግድግዳ፣ እስከ አንገቱ ድረስ፣ ለስላሳ ነው። ደግሞ በአንጎሉ ቀኝም ግራም፣ እሱ ራሱ ሳያውቃቸው የዳኑ ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። አንድ የጠበበ ሥር ሁለቱንም ወገን አይጎዳም። ወደ ሁለቱም ደም የሚልከው ልብ ነው።

"ሥሩ ደህና ነው፤ የረጋ ደም ከልብ መጥቶ ወትፎት ነው" አለች። "ስባችሁ አውጡት። ብረት አያስፈልገውም።"

"እርግጠኛ ነሽ? ወንድምሽ ነው።"

"ለዚህ ነው ሁለቴ ያየሁት።"

በቀጭን ቱቦ ገብተው ሳቡት፤ ሥሩ ተከፈተ፤ ተመልሶም አልጠበበም። የልብ ምርመራውም ምቱ እንደሚዛባ፣ ደሙም እዚያ እንደሚረጋ አሳየ።

በማግስቱ ስትገባ ወንድሟ ትራስ ተደግፎ ጠበቃት። ቃሉ ይጎተታል እንጂ ይሰማል።

"አንቺ... የሲጋራዬን... ስም አጥፍተሻል። ይቅርታ... ጠይቂው።"

መልስ ነበራት፤ ሲጋራው ከዚህኛው ክስ ቢያመልጥ ከሚቀጥለው እንደማያመልጥ የሚያስረዳ ረጅም መልስ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ቀጠለ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ እንባዋ እየወረደ፣ እስኪጨርስ ድረስ ሰማችው።