ረቢያ ያስማለችው ሰው

ረቢያን የማያውቅ ሰው ደጇ ቆሞ ውሃ ይለምናት፤ ያኔ ያውቃታል። ውሃውን አትነፍገውም፣ እጀ ሰፊ ናት፣ አልዋሽባትም። ግን ጣሳውን እስኪመልስላት ድረስ ዓይኗን ከእጁ ላይ አትነቅልም። እኔ ዋሲላ ከሷ ጋር አጥር ለአጥር ስኖር ጸጉሬ ሸበተ፤ ዛሬም ወንፊት ስታውሰኝ “የኔው ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለበት፣ እንዳትረሺ” ትለኛለች። ወይ ጉድ! የሷን ወንፊት ለውጬ ልከብር ነው?

ለነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። አያቷ ሸህ ነበሩ፤ በዚህ በአምባሰል ጥግ የታወቁ መንዙማ ገጣሚ። መንዙማቸውን አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል እያደረጉ በገዛ እጃቸው በሁለት ኪታብ ጽፈው ነው ያለፉት። ረቢያ ገና ሙሽራ ሳለች አንድ ጥምጣም የጠመጠመ፣ አንደበቱ ማር የሆነ እንግዳ መጥቶ “ገልብጬ እመልሳለሁ” ብሎ አንዱን ወሰደ። ይኸው እስከዛሬ እየገለበጠ ነው! እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ተወች።

የቀረው አንዱ ኪታብ በቆዳ ከረጢት ሆኖ ቤቷ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። በመውሊድ ታወርደዋለች። አንባቢው ሲያነብ የከረጢቱን ማንገቻ ይዛ ጉልበቱ ስር ትቀመጣለች፤ እኛ አዝማቹን እንቀበላለን። የምናውቀው አዝማቹን ብቻ ነው። ሌላውማ ከኪታቡ አለ ብለን ማን በቃሉ ይይዛል?

በ2013 ነሐሴ ከተራራው የወረደ ጎርፍ ድንጋዩን እያንከባለለ መጥቶ የረቢያን ግድግዳ ጣለው። ምሰሶው ወደቀ፣ ከረጢቱ ጭቃ ውስጥ ተገኘ። እሷ ለቤቱ አላለቀሰችም፤ ከረጢቱን አቅፋ “ያ አላህ፣ አያቴን!” እያለች ጮኸች።

ከጅዳ የተመለሰው የጎረቤታችን የዘሀራ ልጅ ሙስዓብ ነው የደረሰላት። “እትዬ ረቢያ፣ አብሽሩ፣ አይዞዎት” አላት። “ቅጠል በቅጠል እየገለጥን በጥላ እናድርቀው። እንዳይቀደድብን ደግሞ እያንዳንዱን በስልኬ ፎቶ ላንሳው።” እሺ አለች። ሰፌድ ላይ እየዘረጋ እያነሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳረሰው። አሁን የቀረው ማድረቁ ነበር።

በማግስቱ ባጃጅ ነጂው ከበደ ከሐይቅ ከተማ ወሬ ይዞ መጣ፤ የድሮ ኪታብ ፎቶ ወደ ውጭ እየላኩ ዋጋ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ ይባላል። እሱ እንዲሁ ለጨዋታ ነው ያወራው። ረቢያ ግን ዓይኗ ተለወጠ። ጊዜውም እንደዚያው ነበር፤ ጦርነቱ እየቀረበ ስለሆነ በየኬላው “ጸጉረ ልውጥ” እየተባለ ሰው ይያዛል፣ ወንድም ወንድሙን ይጠረጥራል።

“ያን ልጅ ጥሩልኝ” አለች። መጣ።

“ያነሳኸውን ሁሉ አጥፋ። አሁን፣ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ።”

“እትዬ፣ ኪታቡ እኮ አልደረቀም። ቢበላሽስ?”

“አጥፋ አልኩህ!”

አጠፋ። ከዚያ፣ አላህ ይይለት፣ እሱ ራሱ “የጠፋው እዚህም ተደብቆ ይቆያል” ብሎ አሳያትና ከዚያም ሰረዘው። እሷ የት ታውቀው ነበር! አሁንም አልበቃትም። ቁርኣን አስይዛ “አንዲትም አላስቀረሁም” አሰኝታ አስማለችው። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሄደ። እኔም “አንቺ ሴት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ” አልኳት። “አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?” ብላኝ እርፍ! በጣም ነው የተናደድኩት።

እርጥቡን ኪታብ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ፣ ከጎታው ስር ጉድጓድ ምሳ ቀበረችው። ለመውሊድም አላወጣም አለች። “ዘንድሮ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አይታወቅም” ብላ እምቢ። አዝማቹን ደጋግመን፣ ደጋግመን ተለያየን።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። እኛ ወደ ቆላው ስንሸሽ ረቢያ ጎታውን ተደግፋ ቀረች። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ፈተሹ፤ እህሏን ወሰዱ፣ በሰደፍ መቷት፣ እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በታኅሣሥ ስንመለስ ክንዷ አብጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ አገኘኋት። “ዋሲላ፣ አላገኙትም! የአያቴን አደራ አላገኙትም!” አቀፈችኝ። ተቀያይመን እንደነበር ሁለታችንም ረሳነው።

አብረን ቆፈርን። ፌስታሉ ሲፈታ ሽታው ወደ ኋላ መለሰን። ኪታቡ እንደሻገተ ዳቦ አንድ ላይ ተጋግሯል። በጥፍሯ ቅጠሉን ለመለየት ሞከረች፤ ፍርፋሪው ጣቷ ላይ ቀረ። ቀለሙ ሟሙቶ ጥቁር ውሃ ሆኗል። ረቢያ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ሙስዓብ ደጁ ላይ የተሰበረ በር ሲጠግን አገኘነው።

“ሙስዓብ ልጄ” አለችው። ልጄ ስትለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

“አቤት፣ እትዬ።”

“አንዲት ፎቶ ደብቀህ ይሆናል። ደብቀሃል፣ አይደል? ወላሂ አልቆጣህም። በቁርኣን ዋሸሁ ብለህ ብትፈራም እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አላህንም እለምንልሃለሁ። ዋሽቼዎታለሁ በለኝ ብቻ፣ የኔ አባት!”

ልጁ መዶሻውን አስቀመጠ።

“እትዬ ረቢያ፣ ቁርኣን አስይዘውኝ እንዴት ብዬ እዋሻለሁ?”

ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን ከፊቱ ላይ ሳትነቅል፣ የምትጠረጥርበትን ፈለገች፣ ፈለገች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቃል አምና የማታውቀው ረቢያ፣ ያን ቀን አመነችው።