መርፌ የማይወድ በሽታ

የአባቴ ዓይን ቢጫ መሆኑን ያየሁት አንድ ቅዳሜ ነው። ከምሠራበት ዲላ ወላጆቼን ልጠይቅ ጪጩ ሄጄ፣ እሱ ደጅ ተቀምጦ ከለቀመው ቡና ውስጥ ያልቀላውን እየለየ ይጥል ነበር። ሰላም ሊለኝ ቀና ሲል አየሁት። ስንት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ቢጫ ዓይን አይቶ ዝም አይልም። እኔ ግን ዝም ብዬ ገባሁና ምሳዬን በላሁ።

እናቴ ቀድማኝ ስም አውጥታለት ነበር። "ወፍ ነው" አለችኝ ቆጮ እያቀረበች።

እኛ ጋ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል። የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም፤ የተወጋ ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቅጠል ተቀጥቅጦ ይጠጣል፣ ቅባት ይተዋል፣ ይጠበቃል። ብዙው ሰውም ይድናል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የጉበት ቫይረስ ነው፤ ቅጠል ቢጠጡም ባይጠጡም በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ክሊኒክ ውስጥ ይህን ለሰው ሳስረዳ አፌ አያርፍም።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። "መርፌ ብቻ እንዳታስወጊኝ። ለቀማው ይለቅና እናያለን።" እሺ አልኩት። ሰው መውጋት እንጀራዬ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን ማንም አልሳቀም።

ሽንት ግን መርፌ አይፈልግም። በሚቀጥለው ቅዳሜ "ለኩላሊትህ ልየው" ብዬ ተቀበልኩት። ቀለሙ የጠቆረ ሻይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ባልደረቦቼ ሳይገቡ የመመርመሪያዋን ወረቀት ነከርኩ። ሐሞት የምታሳየው ሰረዝ ወዲያው ጠቆረች። ስኳር የምታሳየውም ተለወጠች፤ አባቴ ስኳር ኖሮበት አያውቅም። ሆዱን ሳያመው ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚከሳ፣ ቆዳውን ሲያክ የሚውል፣ በዚያ ላይ በስተርጅና ስኳር የጀመረው ሰው ቆሽቱ መታየት አለበት። ይህን ተምሬዋለሁ። መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም። ወረቀቷን ጣልኩ፣ ሽንቱን ደፋሁ፣ እጄን ታጥቤ የመጀመሪያውን ታካሚ ጠራሁ። አልፈራሁም፣ አላለቀስኩም። ያኔ ሰላም ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ መደንዘዝ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አባቴ ውጤቱን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ሰባት ሳምንት ቅጠል ጠጣ። የሚቀጠቅጡት ሽማግሌ ከኮንጋ ማዶ ናቸው፤ ወንድሜ በሞተር እየሄደ ያመጣለታል። የቤተክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ይጸልዩለታል። ማሳከኩ ግን ባሰበት፤ ሸሚዙን ደም ይነካው ጀመር። ለቀማው ሲያልቅ ራሱ "በቃ፣ ውሰጂኝ" አለኝ።

ዲላ አልትራሳውንድ ተነሳ፤ ሐሞቱ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። ወደ ሐዋሳ ሪፈር ተጻፈልን። እዚያ ሲቲ ስካን ከመነሳቱ በፊት ደም ተወሰደ። መርፌው ሲገባ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ሲገልጠው አልሞተም፤ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ።

ቀዶ ሐኪሙ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው። ፊልሙን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ሳምንት" አልኩ።

አስቤበት አልነበረም፤ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል። አየኝ፤ ከዚያ አጎንብሶ ጫማውን ያይ ጀመር።

ቆሽቱ ላይ ዕጢ አለ፤ ከትልቅ የደም ሥር ጋር ስለተጣበቀ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። የሚቻለው ሐሞቱ በሌላ በኩል ወደ አንጀት እንዲፈስ ማድረግ ነው። ማሳከኩ ይተወዋል፣ ምግብ ይበላል፤ የቀረው ጊዜ ግን ወራት ነው። ሐኪሙ ይህን ከነገረኝ በኋላ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ "ራስሽን አትውቀሺ" አለኝ። "በሁለት ሳምንት አምጥተሻቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ታደርጊ ነበር?" አመሰገንኩት። ሰባት ሳምንት ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። መጠየቅም አልቻልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የአባቱን በሽታ ስለደበቀ ሰው የተባለ ነገር ግን አልሰማሁም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ የአባቴ ዓይን ነጣ። ሰፈሩ ደስ አለው። ኦፕራሲዮኑ ለሆዱ ነው፣ ወፉን ያበረረው ቅጠሉ ነው ተባለ። እሁድ ቤተክርስቲያን ምስጋና ሲቀርብ ከሰው ጋር አሜን አልኩ። ምንም አልተሰማኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስኳሩን ለክቼለት ዕቃዬን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ጎረቤታችን መጣ። ዓይኑ ቢጫ ነው።

"አባባ፣ ቅጠሉን የሚሰጡት ሽማግሌ ቤታቸው የት እንደሆነ ይንገሩኝ ብዬ ነው።"

እናቴ የተረፈውን ልታመጣለት ተነሳች። አባቴ በእጁ አስቀመጣት። ከእኛ ጋር የሚያወራው በጌዴኦኛ ነው፤ ሰውየው ግን ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ በአማርኛ መለሰለት፣ በዚያች ወንድና ሴት በማትለየው አማርኛው።

"ስንት ቀን ሆነህ?"

"አምስት።"

"አምስት ጥሩ ነው። እኔ ሰባት ሳምንት ቆየሁ።" ከሐዋሳ ወዲህ ያንን ቁጥር ከመካከላችን ማንም አንስቶት አያውቅም ነበር። "ቅጠሉ ይቆይ። ልጄ ደምህን ይውሰድ። ያኔ ሽንቴን አይቶ ነግሮኛል፤ ሆስፒታል እንሂድ ብሎ ለምኖኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ ምንም አልነገርኩትም፤ አልለመንኩትም። ቦርሳዬን መልሼ ከፈትኩ። የጎረቤታችንን ክንድ በላስቲክ አሰርኩና የደም ሥሩን በጣቴ ፈለግሁ። አባቴ ጫማውን ያይ ነበር።