ስለ ካርታው ዝም ያልኩባቸው ቀናት

ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በጋ ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። እኔ ያን ሰሞን በደነዘዘ ጣቴ ካርታ እሠራ ነበር።

የደብራችን የጉዞ ኮሚቴ ለአስተርእዮ ማርያም ምእመናንን በአውቶቡስ ይዞ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ቁልቁል ወዳለች አንዲት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ አስቦ፣ የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚያሳይ፣ በስልክ የሚከፈት ካርታ ፈለገ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል እሠራለሁ፤ ድረ ገጽ መሥራት እችላለሁ። አባቴ ደግሞ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ነው። ሥራው የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ኮሚቴው ግን የባለቤቴን ታናሽ እህትም ጠይቋት ኖሯል።

እሷን ኮድ መጻፍ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እኛ ቤት ከጎኔ አስቀምጬ የመጀመሪያዋን ገጽ አጻፍኳት። «እትዬ፣ ቀለሙን እንዴት ነው የምቀይረው? እትዬ፣ ይሄ ለምን ጠመመ?» ትለኝ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከኢንተርኔት በራሷ ተማረች። መጠየቅ ተወች። መተዋን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ጥር ዐሥራ አራት ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ካርታችንን ግድግዳ ላይ አሳየን። የእኔ ቀደመ።

እኔ የሠራሁት በማውቀው መንገድ ነው። አንድ ትልቅ የወረቀት ካርታ ስካን አድርጌ ምስሉን እንዳለ ገጹ ላይ አስቀመጥኩ፤ በላዩም ለየቤተ ክርስቲያኑ አንድ አንድ ክብ ሣልኩ። ክቡ ሲነካ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና የሚነግሥበት ቀን ብቅ ይላል። እቤት ሳየው ያምር ነበር። በአዳራሹ ኔትወርክ ግን ምስሉ ከላይ ወደ ታች እየተንቀረፈፈ ወረደ። ሳቀርበው ፊደሉ ሁሉ ደበዘዘ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። «እህታችን፣ ይሄ እስኪከፈት እኛ በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቀጥሎ የእሷ ተከፈተ። ካርታዋ በትናንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ብራውዘሩ ሁሉንም አያመጣም፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁራጭ ብቻ ያመጣል። ስለዚህ አይዘገይም። ስታርቀው የተቀራረቡት አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው አንድ ክብ ይሆናሉ፤ በመሐሉም ቁጥራቸው ይጻፋል። ስታቀርበው ይበታተናሉ። ነጥቦቹን ከምስሉ ለይታ በሌላ ፋይል በኬክሮስና በኬንትሮስ ጽፋቸዋለች፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለመጨመር አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። እኔ አንዱን ክብ ለማንቀሳቀስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ካርታዋ ደብረ ብርሃን ላይ አንዴ ከተከፈተ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። በዚያ ቁልቁለት ኔትወርክ እንደማይገኝ በአዳራሹ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያሰበችው ግን እሷ ናት።

የደብሩ አስተዳዳሪ ስልኳን ተቀብለው ካርታውን በሁለት ጣታቸው ሰፋ ጠበብ አደረጉት። «አይ ልጄ! አንኮበርን የሚያህል አገር እንዲህ ትቆነጥጪው!»

«አባ፣ የቆነጠጡትስ እርስዎ ነዎት» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አማቴ ከኋላ ሆነው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ምራታቸው ሆኜ ያቺን ምርቃት ስጠብቅ ኖሬአለሁ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «እማዬ፣ ያንቺ ለምንድነው እንደ እሷ የማይንሸራተተው?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

የባለቤቴ እህት በመጨረሻ መንገዱን አሳየች። አውቶቡሱ ከሚቆምበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰማያዊ መስመር ወረደ። «ከሳተላይት ፎቶ ላይ ነው የቀዳሁት፤ የእግር መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለች።

እሷ መንገድ ያለችው የግንድ መንሸራተቻ ነው። ባሕር ዛፍ ቆራጮች ግንዱን በዚያ ይለቁታል። ግንዱ ሲፈትገው ስለሚኖር ሣር አያበቅልም፤ ከሰማይ ለሚያየው ነጭና ቀጥ ያለ ነው። የሚያበቃው ገደል አፍ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ ሥር ስላለ፣ በፎቶው ላይ ከገደሉ አፍ እስከ ጣሪያው አንድ እርምጃ ይመስላል። እውነተኛው መንገድ በጥዱ ሥር እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ከላይ አይታይም። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የምታውቀው ሜዳ ነው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት አስተዳዳሪው «እንግዲያውስ መንገድ መሪ መቅጠር አያስፈልገንም፤ ካርታው ይበቃናል» አሉና ሰው አጨበጨበላት።

አፌን ዘጋሁ።

ሰኞን እንዲሁ ዋልኩ። የአገሩ ሰው አይቶ ይመልሳቸዋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሕተቷ በሰው ፊት እንዲገለጥ ፈልጌ ነበር። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ስሟን ሲያነሣ፣ እኔም ከኋላ መጥቼ «በዚህ በኩል ነው» ስል በዓይኔ ይታየኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዤ ሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜአለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ በደብሩ ግቢ ሰው ለጉዞው ይመዘገባል። የባለቤቴ እህት ጠረጴዛ ይዛ በየሰዉ ስልክ ላይ ካርታውን ትከፍታለች። እኔ ስም እጽፋለሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማው የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ጠና ያሉ እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ የዚያ አገር ሰው ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ይቺ ሰማያዊዋ መንገዱ ናት አለችኝ ያቺ ልጅ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ ያኔ ሸሽተን ስንመጣ ነው የተጎዳው። ግን ስለት አለብኝ። እመቤቴ ልጆቼን ሁሉንም በሕይወት አውጥታልኛለች። በዚህ መንገድ እችላለሁ?»

ቀና ስል ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። ልጄ ከአክስቷ ትከሻ ሥር ገብታ ስልክ ታቀብላታለች።

«ይችላሉ» አልኩ።

«እመብርሃን ልጆችሽን ታሳድግልሽ» አሉኝና ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ የማክሰኞውን ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። እመቤቴ በዚያ ቁልቁለት በሕፃንነቴ ስንት ጊዜ ይዛ አውርዳኛለች። ሥራ ሰጥታኛለች፣ ባል ሰጥታኛለች፣ ልጆች ሰጥታኛለች። እኔ አንዲት ምርቃት ለሌላ ሰው ስለሄደች ባለ ስለቷን ወደ ገደል ላክኋት። መጽሐፉን ዘጋሁ።

ረቡዕ ጠዋት ባለቤቴን «ልጆቹን ትምህርት ቤት አንተ አድርሳቸው» አልኩት። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎረቤላ ደረስኩ። ስልኬ የምረግጠውን ቦታ እንዲመዘግብ አድርጌ በጥዱ ሥር ወረድኩ። በየጥምዝማዙ እየቆምኩ አንድ አንድ ነጥብ አስቀመጥኩ። የታመመ ጉልበት ሊያርፍባቸው የሚችሉ ሦስት ደልዳላ ቦታዎችም መዘገብኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስደርስ ተሳልሜ ተመለስኩ። አቀበቱን ወጥቼ ኔትወርክ ሳገኝ ፋይሉን ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው የላክሽልኝ?»

«መንገዱ ነው። ያንቺ መስመር ግንድ የሚለቀቅበት ላይ ነው ያለው። ገደል ነው የሚያደርሰው።»

«ወይኔ ጉዴ! ሰው ላስጨርስ ነበር!» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ዛሬ ነው ያየሽው?»

«እሑድ ነው ያየሁት።»

«እሑድ? አዳራሹ ውስጥ?»

«አዎ። ቀንቼብሽ ነው።»

ከዚያ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ።

«መስመሩን ቀይሬዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ትናንት የከፈቱት ሁሉ ስልካቸው ውስጥ የተቀመጠው አሮጌው ነው። ኔትወርክ ባለበት እንደገና ካልከፈቱት አይታደስም።»

«ስማቸው እኔ ጋ አለ። በየቤታቸው እሄዳለሁ።»

«ከመጠለያው ጀምሪ» አለችኝ። እትዬ አላለችኝም።

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለሰው መኪና ተሳፈርኩ። በመጠለያው በር ላይ ወረድኩና እኒያ እናት ያሉበትን ጠየቅሁ። ልብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ትናንት የነገርኩዎ ልክ አልነበረም» አልኳቸው። «ስልክዎን ይስጡኝ።»