የሙስሊሞቹ በግ

ዳባት ውስጥ በአጎቴ ልጅ ሠርግ ዋዜማ፣ ለሙስሊም እንግዶች የተገዛውን በግ ሊያርዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። የነጭ ኮፍያቸው ጠርዝ ሳስቶ በእጅ ተሰፍቷል። ቢላዋቸውን ከቤታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ነው ያመጡት። ጓሮው ውስጥ የእኛ ሦስት ቢላዎች ነበሩ፤ አንዱንም አልነኩም። ማንም ቅር እንዳይለው ግን "የኔው እጄን ለምዶታል" አሉ። በጉን ከማስተኛታቸው በፊት ውሃ አጠጡት።

"እግሩን ያዝልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ያዝሁ።

"ትናንት ሴቷ ልጄ ከመስጊዳችን ፎቶ ሥር አንድ ሰው የጻፈውን ከስልኳ አነበበችልኝ" አሉ፣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። "መጤዎች፣ ከአገራችን ውጡልን ይላል። ስታለቅስብኝ ጊዜ፣ አይዞሽ፣ ይኼ የዳባት ሰው አይደለም አልኳት። የዳባት ሰው እንዲህ ይላል እንዴ?"

የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ በሐሰት ስም፣ እዚሁ ከተማ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ። ዐሥራ ሁለት ሰው ላይክ አድርጎልኛል።

"አይልም" አልኳቸው።

"እኔም ያልኳት ይኸንኑ ነው።" የበጉን ፊት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞሩ። "በል ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ፣ ልጄ።"